የስፒከር ገመድ አገጣጠም፦ ድምፁ የሚጠፋው ጫፉ ላይ ነው

"ድምፁ ጠፍቷል፣ መጥተህ እየው" ተብዬ ሐዋሳ ውስጥ ከገባሁባቸው ሳሎኖች በአብዛኞቹ የተቃጠለ ዕቃ አላገኘሁም። ያገኘሁት በቅጡ ያልተላጠ ገመድ፣ ተገልብጦ የተገጠመ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፣ አለዚያም ከሽቦው ጫፍ አፈንግጣ ቀዩንና ጥቁሩን መግጠሚያ ያገናኘች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች የመዳብ ክር ነው። ባለቤቶቹ ግን ለአዲስ ገመድ ገንዘብ አውጥተዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሁለት ጊዜ። ገመዱ ሙሉውን ደህና ሆኖ ሳለ የሚያስቸግረው የመጨረሻው አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ፤ ደረጃ 7ን በተለይ አትዝለሉ።

አምፕሊፋየር ስል የስፒከር ገመድ የሚገባበትን ማንኛውንም ማጉያ ማለቴ ነው። ከሆም ቲያትር ዕቃ ላይ ሪሲቨር የሚል ጽሑፍ ብታዩ የዲሹ ሪሲቨር አይምሰላችሁ። ስፒከራችሁ ማጉያው ውስጡ ያለ፣ ራሱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አቅርቡ፦ ሽቦ መላጫ (ከሌለ አዲስ ምላጭ)፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ፣ ቴስተር፣ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ ሲባጎ። ቴስተር ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ የምትፈልጉት ለአምስት ደቂቃ ነው።

አምፕሊፋየሩን በማጥፊያው ማጥፋት አይበቃም፤ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ስለጠፋ ደግሞ "አሁን ኤሌክትሪክ የለም" ብላችሁ እንዳትጀምሩ። እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ይመጣል።

አሮጌውን ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሱ። የተሳሳተ አገጣጠም እንኳ ቢሆን፣ ምን እንደነበር ማወቅ በኋላ ይጠቅማል።

ደረጃ 1፦ ጀርባውን አንብቡ

ስፒከሩን አዙሩና የኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ቁጥሩን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ላይ ከመግጠሚያዎቹ አጠገብ የተጻፈውን አስተያዩ። "ከ4 እስከ 16 ኦም" የሚል ከሆነ ከ4 በታች የሆነ ጭነት አትስጡት። የስፒከራችሁ ኦም ከተፈቀደው ዝቅተኛ ቁጥር ካነሰ የትኛውም ገመድ አያድናችሁም፤ ሥራውን እዚህ ላይ አቁሙና ስፒከሩን ወይም አምፕሊፋየሩን ስለመለወጥ አስቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፒከር ሲጨምር ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መግጠሚያ ላይ ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ ካያያዛችኋቸው አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ 2 ኦም ይሆናል፤ ይህን የሚሸከም የቤት አምፕሊፋየር ጥቂት ነው። የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር አያይዛችሁ በተርታ ብታገናኟቸው ደግሞ ኦሙ ይደመራል፤ 8 እና 8፣ 16 ይሆናል። ይህ ለአምፕሊፋየሩ አያሰጋም፣ ድምፁ ግን ይቀንሳል። ለሁለት ጥንድ ስፒከሮች "ኤ" እና "ቢ" የሚል መምረጫ ያለው አምፕሊፋየር ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ኦም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። እዚያው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ በስልክ መብራት አንብቡት።

ከአዳራሽ ወይም ከድንኳን ሥራ የተረፈ ማጉያ ወደ ቤት ያስገባችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። "100 ቮልት" የሚል መግጠሚያ ካለው የቤት ስፒከር እዚያ ላይ አይገጠምም። እሱ ውስጣቸው ትራንስፎርመር ላላቸው ጡሩምባዎች የተሠራ ነው።

ደረጃ 2፦ ለክታችሁ ግዙ

ከአምፕሊፋየሩ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ገመዱ በሚሄድበት መንገድ ሲባጎ ዘርጉ። በግድግዳው ሥር፣ በበሩ መቃን ዙሪያ፣ ከቡፌው ጀርባ። በቀጥታ በአየር ላይ አትለኩ። በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምሩ።

ፒያሳም ሆነ መናኸሪያ አካባቢ "የስፒከር ገመድ" ብላችሁ ጠይቃችሁ ካጣችሁ አትጨነቁ። ተጣጣፊ የሆነው፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራው ባለ ሁለት ሽቦ የኤሌክትሪክ ገመድ ሥራውን በደንብ ይሠራል። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን፣ አንድ ደረቅ ሽቦ ብቻ ያለውን ግን ተዉት። ስፒከሩን ባነቃነቃችሁ ቁጥር ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ሲታጠፍ ይሰበራል።

ውፍረቱን በዚህ ምረጡ፤ ቁጥሩ በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ልኬቱ ከአምፕሊፋየር እስከ ስፒከር ያለው የአንድ መንገድ ርዝመት ነው፤ ሽቦው ንጹሕ መዳብ ሲሆን፦

ባለ 0.75፦ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 8 ሜትር፣ ለ4 ኦም እስከ 4 ሜትር።
ባለ 1.5፦ ለ8 ኦም እስከ 17 ሜትር፣ ለ4 ኦም እስከ 8 ሜትር።
ባለ 2.5፦ ለ8 ኦም እስከ 28 ሜትር፣ ለ4 ኦም እስከ 14 ሜትር።

ስሌቱ ቀላል ነው። የገመዱ የደርሶ መልስ ተቃውሞ ከስፒከሩ ኦም 5 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው። ለተራ ሳሎን እንግዲህ ባለ 1.5 ይበቃል። ነጋዴው ባለ 4 ሊያሸክማችሁ ቢሞክር አመስግናችሁ እለፉት፤ መግጠሚያው ውስጥ አልገባ ብሎ ክሩን እየቆረጣችሁ ስታስገቡ ትውላላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቁት። ውጪው ቀይ፣ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ መዳቡ ቅብ ብቻ ነው። በእጅ ሲይዙትም ክብደቱ ይቀላል። መጥፎ ነው አልልም፤ ዋጋው እንደ አሉሚኒየም ከሆነ ግዙት፣ ከላይ ካለው ርዝመት ግን ሲሶውን ቀንሱለት። ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣው ደግሞ በተቃራኒው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ እሱ ደህና ነው።

የግራውና የቀኙ ገመድ ርዝመት እኩል መሆን አለበት የሚባለውን አትስሙ። የአንዱ 3፣ የሌላው 6 ሜትር ቢሆን ጆሮ አይለየውም።

ደረጃ 3፦ የአገጣጠሙን ዓይነት ምረጡ

ምርጫውን የሚወስነው የምትወዱት ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለው መግጠሚያ ነው። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ።

ተጭነው የሚከፍቱት ክሊፕ። በርካሽ ሆም ቲያትሮችና በአሮጌ ቴፖች ላይ ያለው ነው። እዚህ የሚገባው የተላጠ ባዶ ሽቦ ብቻ ነው፤ ወይም ቀጭን መርፌ መሰል ጫፍ። ባለ 2.5 ሽቦ ብዙ ጊዜ አይገባውም። አስቀድማችሁ ቀዳዳውን እዩ።

የሚጠመዘዝ ብሎን። ይህ ሦስት አማራጭ ይሰጣችኋል።

ባዶ ሽቦ፦ ስፒከሩ አንዴ ከተቀመጠ የማይነሳ ከሆነ ይህን ምረጡ። ወጪ የለውም፣ በአግባቡ ከተጠበቀ ከየትኛውም ጃክ አያንስም። ጉድለቱ መዳቡ ለአየር መጋለጡ ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች የተላጠው ጫፍ ሲጠቁር፣ አንዳንዴም ሲያረንጓድድ አይቻለሁ። በዓመት አንዴ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ላጡት።

ባናና ጃክ፦ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከብሎኑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ የሚሰካ ነው። አምፕሊፋየሩን ለሠርግና ለልደት እያወጣችሁ የምትመልሱ ከሆነ ይህ ይሻላችኋል። ሽቦውን በትንሽ ብሎን የሚይዘውን ዓይነት ግዙ። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ላይ ቀዳዳው በትንሽ ፕላስቲክ ተደፍኖ ይመጣል፤ በካቻቪቴ ጫፍ ፈንቅላችሁ አውጡት።

ሹካ መሰል ጫፍ፦ ብሎኑ ሥር ገብቶ የሚጠበቅ ነው። አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን የሹካው ስፋት ከብሎኑ ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። በቤት ውስጥ ብዙም አልመክረውም።

አስጠንቅቄ ልለፍ። የግድግዳ ሶኬታችን ቀዳዳ ክብ ነው፤ ባናና ጃክ ይገባበታል። ገመዱ ከአምፕሊፋየር ተነቅሎ መሬት ላይ በተጣለበት ቤት ትንሽ ልጅ ካለ፣ ጃኩን 220 ቮልት ውስጥ ለመሰካት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስፒከር ከቤት ስታስወጡ ገመዱን አብራችሁ ጠቅልላችሁ አንሱት። ከዚህ የከፋም አይቻለሁ፤ ለስፒከር ገመድ የተራ ኤሌክትሪክ ፕላግ ገጥሞ "እንዲህ ይቀለኛል" ያለ ሰው ነበር። ይህን በፍጹም አታድርጉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ፕላጉን ካየው ቦታ ይሰካዋል።

ደረጃ 4፦ ጫፉን ላጡ

1. ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ለያዩ።
2. ከእያንዳንዱ ጫፍ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ።
3. በምላጭ ከሆነ ወደ ውስጥ አትጫኑ። ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከምላጩ ሥር አንከባልሉት፣ ላስቲኩን ዙሪያውን ብቻ ጫር አድርጉት። ከዚያ ጎንበስ ቀና ስታደርጉት ራሱ ይሰነጠቃል፤ በጣት ጎትታችሁ አውጡት።
4. የተቆረጡ ክሮችን ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ከሆኑ ምንም አይደል። ከዚያ ከበለጡ ጫፉን ቆርጣችሁ ድገሙት። ግማሽ ሜትር የጨመራችሁት ለዚህም ነው።
5. ክሮቹን በሁለት ጣት በሰዓት አቅጣጫ ጠበቅ አድርጋችሁ ግመዱ። ጫፉን በጣታችሁ ዳሱት፤ የሚወጋ ነገር ካለ ያፈነገጠ ክር አለ።

ከመጠን በላይ መላጥ እንደ ማነስ ሁሉ ጥፋት ነው። ረዝሞ የተላጠ ሽቦ ከመግጠሚያው ውጪ ራቁቱን ይቀራል፣ ጎረቤቱንም ይነካል። ባጭሩ የተላጠው ደግሞ ብሎኑ መዳቡን ሳይሆን ላስቲኩን እንዲነክስ ያደርጋል። አንድ ቀን ሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ሶፋውን ሳዞረው ነው ድምፁ ጥፍት ያለው፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "እማማ፣ እርስዎ ምንም አላቃጠሉም" ብዬ ጀርባውን ከፈትኩት። ክሊፑ ለዓመታት ላስቲኩን ነክሶ ኖሯል። መዳቡ ብረቱን የነካው በአንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ ሶፋው ገመዱን ሳብ ሲያደርገው ያቺም ንክኪ ተለየች። ላጥ አድርጌ መልሼ አስገባሁት፣ ቡናው ሳይፈላ ሙዚቃው ተመለሰ።

ጫፉን የብየዳ እርሳስ ማጠጣት ጥሩ ይመስላል፣ ሥርዓት ያለውም ይመስላል። በብሎን ለሚጠበቅ ጫፍ ግን አታድርጉት። እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከወራት በኋላ የጠበቀው ነገር ላልቶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ፖዘቲቩን ለዩ

ገመዱ ቀይና ጥቁር ከሆነ ቀዩን ለፖዘቲቭ አድርጉ። ሁለቱም አንድ ቀለም ከሆኑ መብራት አብርታችሁ ርዝመቱን ፈትሹ፤ በአንደኛው ላይ መስመር፣ ጽሑፍ ወይም በጣት የሚዳሰስ ሸንተረር አለ። ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ያለው ገመድ ላይ አንዱ ሽቦ ቀይ ሌላው ነጭ ይሆናል። የትኛውን ለፖዘቲቭ መምረጣችሁ ግድ የለም፤ ግድ የሚለው በሁሉም ስፒከሮች ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ ያንኑ መያዛችሁ ነው። ቡናማና ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ገመድ ከተጠቀማችሁ ቡናማውን ለፖዘቲቭ ወስኑ፣ በየጫፉም ናስትሮ ጠቅልላችሁ "ስፒከር" ብላችሁ ጻፉበት። ነገ የሚመጣው ኤሌክትሪሻን የመብራት መስመር እንዳይመስለው።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ስፒከሩ ላይ ግጠሙ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀድማችሁ ከገጠማችሁ ሌላው ጫፍ መሬት ላይ እርስ በርሱ እንደተነካካ ይቆያል፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ቢያበራው ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ክሊፕ ከሆነ ተጭናችሁ አስገቡ፣ ልቀቁት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከወጣ ላስቲኩን ነው የያዘው። ብሎን ከሆነ ፈታ አድርጉ፣ ግንዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ፈልጉ፣ ሽቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አሳልፉ፣ በጣት እስኪከብድ አጥብቁ። ቀዳዳ ከሌለው ሽቦውን በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙት፤ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል እንጂ አይገፋውም። በፒንሳ አታጥብቁ። ግንዱ አብሮ መዞር ከጀመረ ውስጥ ያለው ዳዶ ላልቷል ማለት ነው፤ እየገፋችሁ ብታዞሩት የውስጡን ሽቦ ትበጥሱታላችሁ።

ስፒከሩ አራት መግጠሚያ ካለው በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት አትንቀሉ። እሷ ከሌለች፣ ገመዱ በገባበት በኩል ያለው ብቻ ይጮኻል፤ ወይ ቤዙ ብቻ ወይ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) ብቻ።

ገመዱን ስትዘረጉ በበር ሥር አታሳልፉት፤ ከኤሌክትሪክ መስመርም ጋር ጎን ለጎን አትምሩት። መሻገር ግድ ከሆነ አቋርጦ ይለፍ። ከስፒከሩ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ላላ ብሎ ይቀመጥ፤ ሶፋው ነገም ይዞራል።

ደረጃ 7፦ አምፕሊፋየሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ለኩ

ቴስተሩን ዝቅተኛው የኦም መለኪያ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን መንኪያዎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያነበውን ያዙ፤ 0.3 ወይም 0.5 ካለ ከእያንዳንዱ ውጤት ላይ ቀንሱት። አሁን በነጻው የገመድ ጫፍ ላይ ለኩ።

ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ፣ ባለ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 4 አካባቢ ያሳያል። ከተጻፈው ማነሱ ጤነኛ ነው፤ ቴስተሩ የሚለካው ስፒከሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ የሆነ ቦታ ሁለቱ ተነካክተዋል፤ ይህን ሳታርሙ አምፕሊፋየሩ ላይ ብትገጥሙ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ምንም ካላነበበ ገመዱ ተበጥሷል ወይም አንዱ ጫፍ አልያዘም።

ቴስተር ካጣችሁ የሰዓቱን ባትሪ ያዙ። የፖዘቲቩን ሽቦ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በኔጌቲቩ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። "ጭር" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የቤዙ ሾጣጣ ወረቀትም ወደ ውጪ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ይዛችሁ አትቆዩ። ትዊተር ላይ አይሠራም።

ደረጃ 8፦ አምፕሊፋየሩ ላይ ገጥማችሁ አብሩ

1. ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ግራ ከግራ። የግራና የቀኝ ኔጌቲቮችን አንድ ላይ አትሰሩ፤ በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ እንደ ማነካካት ይቆጠራል።
2. ከማብራታችሁ በፊት በመግጠሚያዎቹ መካከል በስልክ መብራት ተመልከቱ። የምታበራ ቀጭን ክር ካያችሁ ሽቦውን አውጡና እንደገና ግመዱት። ተሰብራ ውስጥ የቀረች ክር በወረንጦ ታወጣላችሁ፤ በመንፋት አይሆንም።
3. ድምፁን ዜሮ አድርጉ፣ ሶኬቱን ሰክታችሁ አብሩ። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ "ጠቅ" ይላሉ፤ ስፒከሩ የተገናኘው ያኔ ነው።
4. በሙዚቃ ሳይሆን በንግግር ጀምሩ፤ የሬዲዮ ዜና ይበቃል። የባላንሱን ቁልፍ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙሩና ሁለቱም መናገራቸውን አረጋግጡ።
5. መሐል ላይ ቁሙ። ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል የሚመጣ ከመሰላችሁ ተሳክቷል። ቦታ ካጣ፣ ዙሪያውን ከተበተነ፣ ቤዙም ከሳሳ፣ አንዱ ተገልብጧል። ካልተማመናችሁ ስፒከሮቹን ፊት ለፊት በአንድ ስንዝር ርቀት አቀራርቡና አዳምጡ፤ አጥፍታችሁ የአንዱን ብቻ ሽቦዎች ገልብጡና ደግማችሁ አዳምጡ። ቤዙ የወፈረበት ትክክለኛው ነው።

ሳይሠራ ሲቀር

አንዱ ወገን ዝም ካለ፦ አጥፉና አምፕሊፋየሩ ላይ የግራውንና የቀኙን ገመድ አለዋውጡ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ወይም ከስልኩ የሚመጣው ገመድ ላይ ነው። ያው ስፒከር ዝም እንዳለ ከቀረ ገመዱ ወይም ስፒከሩ ነው፤ የደህናውን ገመድ አምጥታችሁ ሞክሩበት፣ ወዲያው ይለያል።

ገመዱን ስትነኩት ከተንጫጫ፦ ጫፉ ላልቷል ወይም ጠቁሯል። አታጥብቁት፤ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ላጡት።

እየሠራ ዝግ ያለ እምምታ ካለ፦ የስፒከሩን ገመድ ተዉት። እምምታው በአብዛኛው የሚመጣው ከቴሌቪዥኑ ወይም ከዲሹ ወደ አምፕሊፋየሩ ከሚገባው ገመድ ነው። እነሱን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉት።

ድምፅ ከፍ ሲል ብቻ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፦ ሙቀት ነው። ወደ ደረጃ 1 ተመልሳችሁ ኦሙን አስሉ፤ ላዩ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴልም አንሱለት፣ የአየር ቀዳዳው እዚያ ነው።

ገና ሲበራ የሚጠፋ ከሆነ፦ ሶኬቱን ነቅላችሁ የስፒከር ገመዶቹን በሙሉ አውጡና ባዶውን አብሩት። ከቆየ፣ አምፕሊፋየሩን እያጠፋችሁ ገመዶቹን አንድ በአንድ መልሱና አብሩት፤ ሲገጠም አምፕሊፋየሩን ያጠፋው ገመድ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ በደረጃ 7 ለኩት። ባዶውንም ከጠፋ ከዚህ በላይ አትነካኩት። ክዳኑን ሳትፈቱ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፣ "ያለ ስፒከርም ይጠፋል" ብላችሁ ንገሩት፤ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።